ብርዳማው ጎንደር ፊት እያቃጠለ ሙቁ መተማ የማያቃጥለው ለምንድን ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የጎንደር ነዋሪና የልጆች እናት ናቸው። ለጥምቀት ቤተሰቡ በሙሉ ከጠዋት ጀምሮ ፋሲለደስ መዋኛ ውሎ ተመለሰ። ቀኑ ነፋሻና ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ሆኖም ማታ የሁሉም ፊት እየለበለበ አደረ፣ ከቀናት በኋላም ተላጠ፤ የእናትየው ከንፈር ላይ ደግሞ ምች ወጣ። ባለቤታቸው ግን በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርደው በዚያ ሁሉ ሙቀት ሲከርሙ እንዲህ ያለ ነገር አይገጥማቸውም። ምክንያቱን ይጠይቃሉ። ስልካቸው ላይ «ዩቪ 11» እያለ የሚመጣው ቁጥር ለጠይም ቆዳ ምን ማለት እንደሆነ፣ ከአልቢኒዝም (ቆዳ፣ ፀጉርና ዓይን ቀለም ከሚያጡበት የትውልድ ሁኔታ) ጋር የተወለደው የ6 ዓመት ልጃቸው ትምህርት ቤት ሲገባ ምን ሊደረግለት እንደሚገባ፣ የ4 ወር ሕፃኗስ የጠዋት ፀሐይ መሞቅ አለባት ወይ የሚሉትንም ጨምረዋል።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ይያዙልኝ፦ የሚሞቅዎትና የሚያቃጥልዎት ጨረር አንድ አይደሉም። ከፀሐይ ወደ ምድር ከሚደርሰው ኃይል ግማሽ ያህሉ ኢንፍራሬድ ነው፤ ሙቀት ሆኖ የሚሰማን በዋናነት እሱና የሚታየው ብርሃን ናቸው። አልትራቫዮሌት፣ በአጭሩ ዩቪ፣ ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቆዳችን ሙቀትን የሚያውቅ ነርቭ አለው፤ ዩቪን የሚያውቅ ግን የለውም። ስለዚህ ነፋስ ቆዳን ሲያቀዘቅዘው ሙቀቱ ይጠፋል እንጂ ዩቪው አንድ ቅንጣት አይቀንስም። ሰውነት «ጥላ ፈልግ» የሚለው በሙቀት ብቻ ስለሆነ፣ ደጋ ላይ ማስጠንቀቂያው አይመጣም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,130 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መተማ 700 ሜትር አካባቢ። ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ አጠገብ ስላሉ የፀሐይዋ አቅጣጫና ከፍታ ተመሳሳይ ነው። ልዩነታቸው ከላያቸው ያለው አየር ነው። ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ዩቪ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ሰማዩ እኩል ጥርት ባለበት ቀን ጎንደር ከመተማ 15 በመቶ ያህል ትበልጣለች። ቆላው ላይ አቧራና የማሳ ቃጠሎ ጭስ ካለ ልዩነቱ ይሰፋል። ብዙ ሰው ምክንያቱ «ተራራ ላይ ለፀሐይ ስለምንቀርብ» ይመስለዋል። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ሳለ ሁለት ኪሎ ሜትር መውጣት ምንም አይለውጥም። የኦዞን ሽፋኑንም አናልፈውም፤ አብዛኛው ኦዞን ያለው ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የምናልፈው ጨረሩን የሚበትነውን ዝቅተኛና ጥቅጥቅ ያለ አየር፣ ከነአቧራው ነው። ደባርቅን አልፎ ወደ ራስ ዳሽን፣ ወደ 4,550 ሜትር ገደማ የሚወጣ ሰው ደግሞ ከጎንደር በላይ ሌላ ሩብ ያህል ይጨመርበታል።

ነገር ግን 15 በመቶ ብቻውን የእናንተን ቃጠሎ አያስረዳም። ዋናው ምክንያት ሰው የሚውልበት ሁኔታ ነው። መተማ ላይ ሙቀቱ ራሱ ሰውን ያስተምራል፦ ሥራ ጎህ ሳይቀድ ይጀመራል፣ ራስና አንገት ይጠመጠማል፣ ቀትር ላይ ሁሉም ጥላ ሥር ነው። ጎንደር በጥር ግን ብርዱን ሸሽተን ፀሐይ ፍለጋ እንወጣለን፤ ፊታችንንም ወደ ፀሐይ እናዞራለን። ጥር 11 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ሜዳ ላይ የቆመ ሰው የሚያርፍበትን መጠን በስሌት ማየት ይቻላል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ መለኪያ አለ፦ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 100 ጁል የሚያቃጥል ዩቪ «አንድ መደበኛ ዶዝ» ይባላል። ደመና በሌለበት በዚያ አምስት ሰዓት ውስጥ አግድም በተዘረጋ ገጽ ላይ ከ30 በላይ ዶዝ ያርፋል። የቆመ ሰው ፊት ቀጥ ያለ ስለሆነ ሲሶ ወይም ግማሽ ያህሉን ነው የሚቀበለው፣ ማለትም ከ10 ዶዝ በላይ። ጠይም ቆዳ ለመቃጠል በአብዛኛው ከ6 እስከ 10 ዶዝ ይበቃዋል። አፍንጫ፣ የጉንጭ አጥንትና የጆሮ ጫፍ ወደ ላይ ያጋደሉ ስለሆኑ ከቀሪው ፊት ይበልጥ ይመታሉ፤ መጀመሪያ የሚላጡትም እነሱ ናቸው።

ምድር ላይ የሚደርሰውን ዩቪ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ፀሐይዋ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ ማለቷ ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጨረሩ አየሩንና ኦዞኑን በሰያፍ፣ ረጅም መንገድ ያቋርጣል። የሞገድ ርዝመቱ ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር የሆነው ዩቪ-ቢ፣ ቆዳ የሚያቃጥለው ማለት ነው፣ በዚያ መንገድ ላይ አብዛኛው ተውጦ ይቀራል። ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር ያለውን ዩቪ-ኤ ኦዞን ብዙም አይነካውም፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታም አለ። ከ280 በታች ያለው ዩቪ-ሲ ጨርሶ አይደርስም።

ጎንደር ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል ከአናት በላይ ትቆማለች፦ ሚያዝያ 15 አካባቢ እና ነሐሴ 13 አካባቢ፣ ቡሄ ሰሞን። በነዚህ ሁለት ቀናት መካከል የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ወደ ሰሜን። በታኅሣሥ አጋማሽ እንኳ፣ ፀሐይዋ በጣም ዝቅ በምትልበት ጊዜ፣ ቀትር ላይ ከአድማስ 54 ዲግሪ ከፍ ትላለች። አውሮፓ ውስጥ በብዙ ከተሞች ይህ የበጋ ፀሐይ ነው። እንግዲህ ጎንደር «ክረምት ስለሆነ ፀሐይዋ ደካማ ናት» የሚባልበት ወር የላትም። በዚያ ላይ ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው በታኅሣሥ ማብቂያ ስለሆነ፣ በጥር የሚደርሰን ኃይል በሐምሌ ከሚደርሰን 7 በመቶ ያህል ይበልጣል።

ኦዞንም አለ። በሐሩር ክልል የኦዞን ሽፋን በተፈጥሮው ስስ ነው፤ ከላያችን ያለው ሁሉ ተጨምቆ ምድር ላይ ቢነጠፍ 2.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ «ተቀደደ» ከሚባለው ጋር አይገናኝም፤ ቀዳዳው የሚከፈተው በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። እዚህ የሚሳሳው በከፍታ ላይ ያለው የአየር ዝውውር ኦዞኑን ከሐሩር ክልል ወደ ዋልታዎች ስለሚገፋው ነው። እዚህ ለኖሩት ትውልዶች ሁሉ ሁኔታው ያው ነበር፤ ጠይም የሆንነውም በከፊል ለዚህ ነው።

ደመናን በተመለከተ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። ስስ ደመና ዩቪን እምብዛም አያስቀርም፤ 90 በመቶ ያህሉ ሊያልፍ ይችላል። የሐምሌ ጥቁር ደመና ግን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። አስቸጋሪው የተበጣጠሰ ነጭ ደመና ነው። ፀሐይዋ በክፍተቱ ስትወጣ በቀጥታ ከሚመጣው ሌላ ከደመናው ጠርዝ የሚንጸባረቀው ይጨመርና፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ጥርት ካለ ሰማይ እንኳ ይበልጣል። ለዚህ ነው በነሐሴ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል የምትለበልበው፦ ከአናት በላይ ናት፣ አቧራው ታጥቧል፣ ዳመናውም ይመልሳል። በእኔ ግምት ግን የጎንደር ሰው የሚዘናጋበት ወር መስከረም ነው። አየሩ ንጹሕ፣ ፀሐይዋ ከአናት ብዙ ያልራቀች፣ አየሩም ገና ያልሞቀ ነው፤ የመስቀል ሰሞን መንገደኛው ብዙ፣ ጃንጥላው ግን ለዝናብ ብቻ ተብሎ ቤት የቀረ ነው።

በስልክ የሚመጣው ቁጥር የዩቪ ኢንዴክስ ይባላል። ከ0 እስከ 2 ዝቅተኛ፣ 3 እስከ 5 መካከለኛ፣ 6 እና 7 ከፍተኛ፣ 8 እስከ 10 በጣም ከፍተኛ፣ 11 እና ከዚያ በላይ እጅግ ከፍተኛ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር በካሬ ሜትር 25 ሚሊዋት የሚያቃጥል ጨረር ነው። እንግዲህ 11 ሲል አንዱ ዶዝ የሚሞላው በ6 ደቂቃ ነው። ነጭ ቆዳ ያለው እንግዳ በ15 ደቂቃ መቅላት ይጀምራል፤ ጠይም ሰው ከ35 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል፤ አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ግን 10 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ቁጥሩ ሰማዩን እንጂ ሰውየውን አይለካም። ጎንደር ላይ ጥርት ባለ ቀን በታኅሣሥና በጥር ቀትር ላይ 10 እና 11 አካባቢ ይሆናል፤ ከየካቲት ማብቂያ እስከ ሚያዝያ እንዲሁም በመስከረም 13 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የስልኩ ትንበያ ሰፊ አካባቢን አማካኝ አድርጎ ስለሚያሰላ፣ የቆላውን ከፍታ ከደጋው ጋር ደባልቆ ለጎንደር ዝቅ ያለ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል።

ስልክ ከሌለ ጥላዎን ይመልከቱ፤ ከሰዓት ይልቅ እሱ ይታመናል። ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ጥላዎ የቁመትዎ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኢንዴክሱ 3 አልደረሰም፤ ጠይም ሰው ያለ ስጋት ይንቀሳቀስ። ጥላው ከቁመትዎ ሲያንስ ፀሐይዋ ከ45 ዲግሪ አልፋለች፤ ከዚህ በኋላ መሸፈን ያስፈልጋል። ለጥምቀት ይህ ጊዜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል አልፎ እስከ 8 ሰዓት ከ45 ድረስ ነው። በሚያዝያ ግን ከ3 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ይዘልቃል። የጎንደር ትክክለኛ ቀትር 6 ሰዓት ላይ አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። የኢትዮጵያ ሰዓት የተቀመረው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ ፀሐይ ከፍታዋ ላይ የምትደርሰው እንደ ወሩ ከ6 ሰዓት ከ14 እስከ 6 ሰዓት ከ44 ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ «7 ሰዓት ሆኗል፣ ፀሐይዋ አልፋለች» ማለት አያዋጣም፤ ያኔ ገና ከጫፏ ላይ ናት።

ጥላ ሥር መቀመጥም ደረጃ አለው። አየር አጭሩን ሞገድ አብዝቶ ስለሚበትን፣ ከዩቪ-ቢው ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከፀሐይዋ ሳይሆን ከሰማያዊው ሰማይ ነው። ጃንጥላ ቀጥታ የሚመጣውን ያግዳል፤ ከጎን ያለው ሰማይ ግን ይቀራል። ጥላ ሥር ተቀምጠው ቀና ሲሉ ብዙ ሰማይ ከታየዎት ጨረሩም ያየዎታል። ፋሲለደስ መዋኛ አጥር ላይ ሥራቸውን ያነጠፉት ትልልቅ ዛፎች ጥቅጥቅ ያለ ጥላ አላቸው፤ ግንዳቸው ተጠግቶ የተቀመጠ ሰው ብዙ ይተርፋል። የባሕር ዛፍና የግራር ጥላ ግን ስስ ነው፤ መሬቱ ላይ የብርሃን ነጠብጣብ ከበዛ አይተማመኑበት። ሣርና አፈር የሚመልሱት ከ10 በመቶ በታች ነው፣ ውኃም እንዲሁ፤ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሜትር ጠልቀው እንኳ 40 በመቶ ያህሉ ይደርሳል። ስለዚህ ጥምቀት ላይ የሚዋኙ ወጣቶች ቀዝቃዛው ውኃ አይጋርዳቸውም።

ነጠላ ለዚህ ነገር ደካማ ነው። ስስ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አንድ አምስተኛውን ያህል ዩቪ ያሳልፋል፣ ሳሳ ብሎ የተሸመነው ነጠላ ደግሞ ከዚያም በላይ፤ ሲረጥብ ይብሳል። መፍትሔው ማጠፍ ነው። አንዱ ድርብ አንድ አምስተኛ ካሳለፈ ሁለቱ ሲደራረቡ የሚያልፈው ከ25 አንድ እጅ ብቻ ይሆናል። ራስ ላይ ሁለትና ሦስት እጥፍ አድርገው ከግንባር ወደ ፊት ትንሽ አውጥተው ይጣሉት፤ ጋቢ ከሆነማ ከነአሠራሩ ድርብርብ ነው። ጨርቅ ለመፈተን ወደ ብርሃን ዘርግተው ይዩት፦ የጣትዎ ቅርጽ በግልጽ ከታየ ዩቪም ያልፋል። ጂንስና ጥቅጥቅ ያለ ካኪ ግን ምንም አያሳልፉም ማለት ይቻላል። ኮፍያው ዙሪያውን 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ክንፍ ያለው ይሁን፤ የስፖርት ኮፍያ ጆሮንና ማጅራትን ይተዋል።

ቆዳው ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ዩቪ-ቢ በሕዋሱ ዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን ያሉትን፣ ታይሚን የሚባሉ ሁለት የዲኤንኤ ክፍሎች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ሕዋሱ የሚጠግንበት መሣሪያ አለው፤ ጉዳቱ ሲበዛበት ግን ራሱን ይገድላል፣ ከቀናት በኋላ የሚላጠውም ይህ የሞተው ነው። ያልተጠገነና ያልሞተ ሕዋስ ከቀረ የቆዳ ካንሰር ዘር ሊሆን ይችላል። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን በሕዋሱ አስኳል ላይ እየተከመረ ይከልለዋል፤ በጣም ጥቁር ቆዳ ራሱን እንደ ኤስፒኤፍ 13 ቅባት ያህል ይከላከላል (ኤስፒኤፍ የፀሐይ ቅባት የመከላከል አቅም ቁጥር ነው)። የደጋው ሰው ከዚያ ቀላ ይላል፤ መከላከያውም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ጠይም ቆዳ ሲቃጠል መቅላቱ ስለማይታይ ሰው አያስተውለውም፤ ምልክቱ መወጠር፣ መለብለብ፣ ፊት ሲታጠቡ ማሳከክ፣ ከዚያም መጥቆርና መላጥ ነው። ከፍተኛ ደረጃው የሚመጣውም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ሜዳ ላይ ሳሉ ምንም ላይሰማዎት ይችላል። ሲቃጠል በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ደጋግመው ያድርጉበት፣ ውኃ ይጠጡ፣ ካስፈለገ ፓራሲታሞል ይውሰዱ። ቅቤና የጥርስ ሳሙና አይቀቡ፤ ውኃ የቋጠረውንም አያፍርጡ።

ማድያትም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ እዚያ ላይ የሚታየው ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊው፣ ከዩቪ ጋር ስለሚያግዝ ነጭ የፀሐይ ቅባት ብቻውን አይበቃውም። ቀለም ያለው፣ ብረት ኦክሳይድ የተቀላቀለበት ቅባት ይመረጣል። ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞች ደግሞ የተፈጥሮ መከላከያውን ገፈው ሰውየውን ለፀሐይ ያጋልጡታል። ሌላ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ጤና አዳምና ሎሚ። የሁለቱም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር በዩቪ-ኤ ይነሣሣና ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ውኃ የቋጠረ ቃጠሎ ያወጣል፤ ጥቁር ጠባሳው ለወራት ይቆያል። ሕፃናትን በጤና አዳም አሽቶ ወደ ውጭ ማውጣት ይቅር። ዶክሲሳይክሊን የተባለውን ፀረ ተሕዋስያንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ከወትሮው ቶሎ ይቃጠላሉ።

ከንፈርዎ ላይ የወጣው ምች የኸርፐስ ቫይረስ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ዩቪ የአካባቢውን የመከላከያ አቅም ለጊዜው ሲያዳክመው ይነሣል። ሕዝቡ «ፀሐይ መታኝ» ብሎ ማያያዙ ስለዚህ መሠረት አለው። በየጊዜው የሚመላለስብዎ ከሆነ ፀሐይ ላይ በሚውሉበት ቀን ኤስፒኤፍ 30 ያለው የከንፈር ቅባት በየሁለት ሰዓቱ ይቀቡ፤ መንዘር ሲጀምር ሐኪም የሚያዝዘው አሳይክሎቪር በመጀመሪያው ቀን ከተጀመረ ያሳጥረዋል። ነገር ግን ራስ ምታትና ትኩሳትን ሁሉ ምች ብሎ በዳማከሴ ማለፍ አደጋ አለው። ባለቤትዎ ከመተማ ተመልሰው ትኩሳት ከያዛቸው በዚያው ቀን የወባ ደም ምርመራ ያድርጉ።

ስለ ዓይን በአጭሩ፦ የዓመታት ዩቪ ለሞራ ግርዶሽና ከነጩ ወደ ብሌኑ ለሚያድገው ሥጋ አንዱ መንስኤ ነው። መነጽር ሲገዙ የሚፈልጉት ጥቁረቱን ሳይሆን «ዩቪ 400» የሚለውን ነው። ማጣሪያ የሌለው ጥቁር መስታወት ብሌኑን ስለሚያሰፋው ይበልጥ ያስገባል። መነጽር ቤቶች ብዙውን ጊዜ መሞከሪያ መብራት አላቸው፤ ከመክፈልዎ በፊት እንዲሞክሩልዎ ይጠይቁ።

ወደ ሕፃኗ ልምጣ። የእናት ጡት ወተት ቫይታሚን ዲ እምብዛም የለውም። በዚህ ሁሉ ፀሐይ መካከል በደጋችን ሪኬትስ፣ የሕፃናት አጥንት መለስለስና መጣመም፣ የሚታየው ሕፃናት ቤት ውስጥ ተጠቅልለው ስለሚያድጉ ነው። ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ግን በዩቪ-ቢ ብቻ ነው፤ መስኮት ዘግቶ ማሞቅ ከንቱ የሚሆነውም መስታወት ዩቪ-ቢን ስለማያሳልፍ ነው። ጥር ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ፀሐይዋ ከአድማስ 13 ዲግሪ ብቻ ስለሆነች የሚደርሰው ዩቪ-ቢ የለም ማለት ይቻላል፤ ሕፃኗ ትበርዳለች እንጂ አትጠቀምም። በዚያ ወቅት የሚጠቅመው 3 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በሚያዝያ ደግሞ 2 ሰዓት ከሩብ ያህል። እዚህም ጥላውን ይዩ፦ የራስዎ ጥላ የቁመትዎ እጥፍ ገደማ ሲሆን፣ ነፋስ በሌለበት በር ላይ፣ እግሯንና እጇን ገልጠው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፤ ፊቷና ዓይኗ ግን ወደ ጥላ ይዙር። ከሁሉ የሚሻለው ከጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ በቀን 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ እስከ አንድ ዓመት መስጠት ነው፤ ጠብታው ካለ ፀሐዩ ግዴታ አይደለም። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የፀሐይ ቅባት አይቀባም።

ልጅዎ ግን ለብቻው መታየት አለበት። ሰውነቱ ሜላኒን ጨርሶ ወይም በበቂ መጠን ስለማይሠራ ከላይ የተናገርኩት የተፈጥሮ ጋሻ የለውም፤ የጠዋት ፀሐይ ልማድም እሱን አይመለከትም። ጥላው እጥፍ ሳይሆን ገና ሦስት እጥፍ ሳለ ጀምሮ ይሸፈን። መጀመሪያ ልብስ፣ ቀጥሎ ጥላ፣ ቅባት በመጨረሻ። ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ የምናገረው ብዙ ወላጅ ገንዘቡን ሁሉ ቅባት ላይ አውሎ እጅጌው አጭር ዩኒፎርም ስለሚያለብስ ነው። ዩኒፎርሙ እጅጌ ረጅም፣ ኮሌታው የሚቆም፣ ጨርቁ ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ ይሰፋ፤ ልብስ ሰፊው አንድ ቁጥር ቢያሰፋው ልጁ ሞቆት አያወልቀውም። ቀሚሱ ወይም ሸሚዙ ታጥቦ ሲሳሳ ይለወጥ።

ቅባቱ ልብስ ላልሸፈነው ብቻ ነው፦ ፊት፣ ጆሮ፣ አንገት፣ የእጅ ጀርባ። ኤስፒኤፍ 50 የሚል፣ ዩቪ-ኤንም እንደሚከላከል የተጻፈበት ይምረጡ። የታተመው ቁጥር የሚሠራው በካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ሚሊ ግራም ሲቀባ ነው፤ ሰው በልማድ የሚቀባው የዚያን ግማሽ ወይም ሩብ ስለሆነ መከላከያው በጣም ይወርዳል። ለፊትና ለአንገቱ በልጁ ጠቋሚና መሃል ጣት ርዝመት ሁለት መስመር ያውጡ፤ ለጆሮና ለእጅ ተጨማሪ። ከቤት ከመውጣት 20 ደቂቃ በፊት፣ ከዚያም በየሁለት ሰዓቱ። በትምህርት ቀን ሁለት ጊዜ ከተቀባ 3 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚያልቅ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ ከሦስት ሳምንት ብዙም አይዘልም። አንዱ ጠርሙስ ወራት ከቆየልዎ የሚቀቡት መጠን አልበቃም ማለት ነው። የአገልግሎት ጊዜውን ያንብቡ፤ ፀሐይ ላይ በተደረደረ ዕቃ መካከል የቆየና ውኃና ቅባቱ የተለያየ ከሆነ አይግዙት። ቫዝሊን ይህን ሥራ አይሠራም።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ሰዓቱን ያስተካክሉ። በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ የፈረቃው መለዋወጫ በትክክል ቀትር ላይ ይወድቃል፤ የጠዋቱ ተማሪ ሲመለስ፣ የከሰዓቱ ሲሄድ ይመታል። ስለዚህ የትኛውም ፈረቃ ቢሆን አንዱ መንገድ በጃንጥላ ወይም በተሸፈነ መኪና መሆን አለበት፤ ባጃጅ ጎኑ ክፍት ስለሆነ በፀሐይ በኩል አያስቀምጡት። ሙሉ ቀን ከሆነ ምሳውን ይዞ ሄዶ ክፍል ውስጥ ይብላ። የስፖርት ክፍለ ጊዜው የመጀመሪያው እንዲሆን ወይም በጣሪያ ሥር እንዲሠራ፣ ኮፍያና መነጽር ግቢ ውስጥ እንዲፈቀድለት ከርዕሰ መምህሩ ጋር በጽሑፍ ይነጋገሩ፤ የቃል ስምምነት መምህር ሲለወጥ ይጠፋል። ዓይኑም ይታሰብበት። አልቢኒዝም የዓይኑን የማየት ኃይል ከውስጥ ስለሚቀንሰው መነጽር ብቻውን አያስተካክለውም። ከሰሌዳው ፊት ለፊት፣ መስኮቱን ጀርባው አድርጎ ይቀመጥ፤ ደብተሩ ላይ መምህሩ ጎላ አድርጎ ይጻፍለት። ሰነፍ ነው ከመባሉ በፊት የዓይን ክፍል ይታይ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይህ አገልግሎት አለ። ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ ስለሚውል ቫይታሚን ዲውንም ሐኪሙ በጠብታ ወይም በእንክብል ያስተካክልለት።

በወር አንዴ፣ ሲታጠብ፣ ቆዳውን በጥሩ ብርሃን ይዩት፦ የጆሮ ጫፍ፣ የታችኛው ከንፈር፣ ማጅራት፣ የእጅ ጀርባ። በጣት ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ሽፍታ፣ እየደማ ቅርፊት የሚሠራ ቦታ፣ አራት ሳምንት አልፎት ያልደረቀ ቁስል ካገኙ ቅባት እየለወጡ አይጠብቁ፤ የቆዳ ሐኪም ይየው። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ምንም ባይኖር ይመርመር። ሻካራውን ሽፍታ ሐኪሙ በከፍተኛ ቅዝቃዜ አቃጥሎ ያስወግደዋል፣ ትንሽ እብጠት ሆኖ ከተገኘም በአካባቢ ማደንዘዣ ተቆርጦ በዚያው ቀን ልጁ ቤቱ ይመለሳል።